ለማሳ ጥበቃ ማን ይክፈል? እስከ መቼስ?

(ይህ ጽሑፍ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ የገንዘብ ምንጮች ላይ ለመምከር በተጠራ ጉባኤ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንደተናገርኩት ተቀምጧል።)

የተከበራችሁ የጉባኤው ታዳሚዎች፣ የአርሶ አደር ማኅበራት ተወካዮች፣ የውሃ አገልግሎት ኃላፊዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። በተለይ የማመሰግናቸው ገበሬዎችንና የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኞችን በአንድ አዳራሽ በማስቀመጣቸው ነው። በሥራ ዘመኔ እነዚህ ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኝተው ሲነጋገሩ ያየሁባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ ከተፋሰሱ ራስ፣ ሌላው ከግርጌው ተቀምጦ፣ የአንድ ወንዝ ውሃ እየተጠቀሙ ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

ዛሬ የምናገረው በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው። በእርሻ ማሳ ላይ ለሚሠራ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ማን ይክፈል? የሚከፈለው ለየትኛው ወጪ ይሁን? እስከ መቼስ ይከፈል? ሦስቱን እኩል አላያቸውም። ሁለተኛውን ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ፤ ሦስተኛው ግን በየስብሰባው የሚረሳ ስለሆነ እቆይበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላሳስብ።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ የገጠመኝን ነገር ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት በአንድ ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን እንድከታተል ተመደብኩ። በጀት ነበረ፣ ዕቅድም ነበረ፣ የሚለካው ነገርም ግልጽ ነበር፤ በቀን ስንት ሜትር እርከን ተሠራ የሚል። ክፍያው በሜትር ስለነበር ሜትሩ ቶሎ ቶሎ ተቆጠረ። ሥራው ሲያልቅ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ሪፖርት ጻፍን፣ ተጨባብጠን ተለያየን። ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ በዚያው ስፍራ ሳልፍ የእርከኑ ግማሽ የለም። ጎርፍ የወሰደው ጥቂት ነበር፤ የሚበዛው በማረሻ የፈረሰ ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ በማሳቸው ዳር ቆመው ስላገኘኋቸው፣ ንዴቴን ሳልደብቅ፣ «አባት፣ ይህን ሁሉ የደከምንበትን ለምን አፈረሱት?» አልኳቸው።

እሳቸው ረጋ ብለው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ለድንጋዩ ከፍላችኋል፤ ለጉልበቱም ከፍላችኋል። እርከኑ ለተቀመጠበት መሬት ግን የከፈለኝ የለም። በካቡ ውስጥ አይጥ ተራባበት፤ ማሳው እየጠበበ በሬዎቼን ማዞር አቃተኝ፤ በሁለተኛው ክረምት የተናደውን ስጠግን ደግሞ ብቻዬን ነበርኩ።»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የምለው ሁሉ ያን ቀን ለእኚያ ሰው መመለስ የነበረብኝ ነው ብትሉኝ አልቃወምም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልለፍ፤ ማን ይክፈል? ብዙ ጊዜ የምሰማው ክርክር «አፈሩ የገበሬው ነው፤ ለገዛ ሀብቱ ጥበቃ ሌላ ሰው ለምን ይከፍላል?» የሚል ነው። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። አንድ ሳንቲሜትር የሚያህል አፈር እስኪፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ያን አፈር የሚያጣ ገበሬም በመጀመሪያ የሚጎዳው ራሱን ነው። ነገር ግን አፈሩ ከማሳው ከወጣ በኋላ ወዴት ይሄዳል? የማዳበሪያና የፍግ ንጥረ ነገሮችም አብረውት ይወጣሉ፤ ፎስፈረስ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ከጎርፉ ጋር ይወርዳል። ናይትሬት በውሃ ሟሙቶ ወደ ታች ይሰርግና ከከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል። ደለሉ ግድብ ይሞላል፣ ቦይ ይደፍናል። ገበሬው የሚያጣው በማሳው ላይ የሚታየውን ብቻ ሲሆን፣ ከወሰኑ ውጭ ያለው ጉዳት የሌላ ሰው ሒሳብ ነው። ጥበቃውም እንደዚሁ ነው፤ በወንዝ ዳር አሥር ሜትር መሬት ለሣር የለቀቀ ገበሬ ምርቱን ይቀንሳል፣ ጥቅሙን ግን የሚያገኘው በታች ያለው ሰው ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ለማየት በነሐሴ 2014 በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት፣ በቶሊዶ ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በኢሪ ሐይቅ ላይ የተስፋፋው መርዛማ አልጌ፣ በውሃ ላይ የሚራባ አረንጓዴ ዝቃጭ መሳይ ነገር፣ ወደ ከተማዋ የውሃ መቅጃ ደርሶ፣ ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ለሦስት ቀን ያህል «ከቧንቧ አትጠጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። ውሃውን ማፍላት አይጠቅምም ነበር፤ ማፍላት መርዙን አያጠፋውም፣ እንዲያውም ያከማቸዋል። አልጌውን የሚመግበው ፎስፈረስ በአብዛኛው የሚመጣው ወደ ሐይቁ ከሚገባው የሞሚ ወንዝ ተፋሰስ፣ ከእርሻ መሬት ነው። በዚያ ተፋሰስ ውስጥ ካሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች መካከል የትኛው ተጠያቂ ነው?

እዚህ ላይ ሕግ የሚያውቁ ወዳጆቼ «የበከለ ይክፈል» የሚለውን መርህ ያነሡልኛል። መርሁ በ1972 በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የጸደቀ፣ እኔም የማከብረው ነው። ለፋብሪካ በሚገባ ይሠራል፤ ፋብሪካ አንድ ቱቦ አለው፣ ከቱቦው የሚወጣው ይለካል፣ ባለቤቱም ይታወቃል። ማሳ ግን ቱቦ የለውም። ከሺህ ማሳ የሚወርደው ውሃ አንድ ወንዝ ውስጥ ይቀላቀላል። በአዮዋ ግዛት የዴሞይን ከተማ ውሃ አገልግሎት በ2015 በሦስት አውራጃዎች ከእርሻ ማሳ ትርፍ ውሃ የሚያንጣፍፉ ቦዮችን የሚያስተዳድሩ አካላትን በናይትሬት ብክለት ከሶ ነበር፤ ክሱ በ2017 በፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ፤ ናይትሬቱ ግን ከወንዙ አልወጣም። ይህን ስል ሕግ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ1991 ያወጣው የናይትሬት መመሪያ ፍግና ማዳበሪያ መቼና ምን ያህል እንደሚበተን ይገድባል፤ እንዲህ ያለ ወለል መኖር አለበት። እኔ የምለው ሕጉ ከሚያስገድደው በላይ የሚሠራ ገበሬ ለሌላው የሚጠቅም ሥራ ስለሠራ ይከፈለው ነው። የሚከፈለው ለሥራው ነው፤ ምጽዋት አይደለም።

በዚህ መንገድ አስቦ የከፈለ አለ? አለ። የኒውዮርክ ከተማን ተመልከቱ። በ1989 የወጣ የፌዴራል ደንብ ከወንዝና ከሐይቅ የሚቀዳ የመጠጥ ውሃ በማጣሪያ እንዲያልፍ ሲያዝ፣ ከተማዋ ሁለት ምርጫ ገጠማት። አንደኛው በወቅቱ ግምት ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ማጣሪያ መሥራት ነበር። ሁለተኛው ውሃው የሚመነጭባቸውን የካትስኪልና የዴላዌር ተፋሰሶች መጠበቅ ነበር። የመረጠችው ሁለተኛውን ነው፤ በ1997 ከተፋሰሱ ነዋሪዎች ጋር የተፈራረመችው ስምምነትም እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ ያገለግላል። ገበሬዎቹ በፈቃዳቸው ይገባሉ፤ የፍግ ማከማቻው፣ ከብቶችን ከወንዝ የሚያርቀው አጥርና የወንዝ ዳር ተክሉ የሚሠራው በከተማዋ ወጪ ነው። ከተማዋ ይህን ያደረገችው ለገበሬ አዝና አይደለም፤ ሒሳብ ሠርታ ነው።

ሒሳብ ካነሣሁ አይቀር አንድ ገጠመኝ ልጨምር። አንድ ጊዜ ከተፋሰስ ራስጌ የሚኖሩ ገበሬዎችን ይዤ ወደ አንድ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሄድኩ። የሄድንበት ወቅት የማስቀመጫ ገንዳው ተከፍቶ ጭቃው የሚዛቅበት ነበር። ጭቃውን አይተው እንዲደነግጡ፣ ምናልባትም እንዲጸጸቱ ነበር ሐሳቤ፤ ባለሙያ ሲባል አንዳንዴ እንዲህ ያለ የዋህነት አለብን። የጣቢያው ሠራተኛ በክረምት የውሃው ድፍርስነት ሲጨምር ጭቃውን ከውሃው ለመለየት ምን ያህል አልሙኒየም ሰልፌት የተባለ ኬሚካል እንደሚጠቀሙ ከመዝገቡ እያነበበ አስረዳ። ከገበሬዎቹ አንደኛው «ይህን ጭቃ ለማስወጣትና ውሃውን ለማጥራት በዓመት ስንት ይወጣል?» ብሎ ጠየቀ። ሠራተኛው ቁጥሩን ነገረው። ገበሬው ወደ እኔ ዞረና፣ «ታዲያ ገንዘብ የለም ስትለን የኖርከው ምኑን ነው? ገንዘቡ እዚህ አለ አይደለም እንዴ!» አለኝ። ልክ ነበር። ገንዘቡ አለ፤ የሚወጣው ግን በወንዙ ታችኛ ጫፍ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ለየትኛው ወጪ ይከፈል የሚለው ነው። በአሜሪካ በ1996 የተጀመረው የአካባቢ ጥራት ማበረታቻ ፕሮግራም ገበሬው ከሚሠራው የጥበቃ ሥራ ወጪ በአብዛኛው እስከ 75 በመቶ ይሸፍናል፤ ለጀማሪና አቅም ለሌላቸው ገበሬዎች እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፤ ከክፍያው ግማሹንም በቅድሚያ ሊሰጣቸው ይችላል። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የቅድሚያው ክፍያ ነው። «ሥራውን ሠርተህ ደረሰኝ አምጣ» የሚል ፕሮግራም ገንዘብ ላለው ገበሬ የተሠራ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ገበሬ ደረሰኙን የሚያመጣው ከየት ነው?

ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮችን ብቻ ልጠቁም። አንደኛው ገንዘቡ በሁሉም ማሳ ላይ እኩል መረጨት እንደሌለበት ነው፤ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ከሚወርደው ፎስፈረስ የሚበዛው የሚመጣው ከጥቂቱ መሬት፣ ተዳፋትነቱ ከበዛውና ለወንዝ ከቀረበው ነው። ሁለተኛው የተከራይ ጉዳይ ነው። በየዓመቱ የሚታደስ ኪራይ ያለው ገበሬ ፍሬው ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚታይ ሥራ ጉልበቱን አያፈስም፤ ስለዚህ ውሉ ባለመሬቱንም አራሹንም ማሰር አለበት። መሬታቸውን አከራይተው የሚኖሩ መበለቶችና አረጋውያን በብዙ ፕሮግራም ውስጥ ስማቸው አይገኝም፤ መሬቱ ግን የእነሱ ነው።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደረስኩ፤ እስከ መቼ?

ጥበቃ የአንድ ቀን ግንባታ አይደለም። አፈሩ ባዶውን እንዳይቀር ሽፋን ሰብል የዘራ፣ ወይም ማረስ ቀንሶ የሰብሉን ቅሪት በማሳው ላይ የተወ ገበሬ የአፈሩ ለምነት ሲመለስ የሚያየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ሊቀንስ፣ አረሙ ሊበረታበት ይችላል። እርከንም እንዲሁ ነው፤ መሬት የሚወስደው በተሠራበት ቀን ነው፣ የሚከፍለው ደግሞ ቆይቶ። ወጪው ዛሬ፣ ገቢው ነገ፤ በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ማን ይሸከማቸው? የአብዛኛው ፕሮግራም ዕድሜ ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አምስት ዓመት ነው። ገበሬው በጣም በተቸገረበት ሰዓት ፕሮጀክቱ «ተጠናቀቀ» ተብሎ የመዝጊያ ስብሰባ ይደረግለታል። የመዝጊያ ስብሰባ ላይ የተገኘሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ከመዝጊያው አምስት ዓመት በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ግን እስካሁን አልተጠራሁም።

ከታሪክ እንማር ከተባለ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይ በ1980ዎቹ፣ በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በምግብ ለሥራ እጅግ ሰፊ የእርከንና የደን ተከላ ሥራ ተሠርቷል። በሠራተኛው ብዛትና በሥራው ስፋት በአፍሪካ ወደር ያልነበረው ነው። በ1991 የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ግን ከዚያ እርከን ብዙው ፈረሰ፣ ከተተከለውም ዛፍ ብዙው ተቆረጠ። ብዙ ምክንያት ሊጠቀስ ይችላል፤ ሥራው ከላይ የታዘዘ ነበር፣ ገበሬው በመሬቱ ላይ ዋስትና አልነበረውም። እኔ ከእነዚህ ጋር የማስቀምጠው ክፍያው ለግንባታ ብቻ የነበረ መሆኑን ነው። ስንዴው የተሰፈረው ለተሠራው ነው፤ ለቆመው የተሰፈረ ስንዴ አልነበረም።

ሀብታም አገርም ከዚህ አያመልጥም። አሜሪካ በ1985 ሕግ ያቋቋመችው የጥበቃ ክምችት ፕሮግራም በቀላሉ የሚሸረሸረውን መሬት ከእርሻ አውጥቶ ለሣርና ለዛፍ እንዲተው ለገበሬው ዓመታዊ ኪራይ ይከፍላል፤ ውሉም ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው። ረጅም ነው፤ መልካም ነው። በ2007 ከ36 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት (አንድ ኤከር ከግማሽ ሄክታር ያንሳል) በውሉ ውስጥ ነበር። የእህል ዋጋ ሲንርና ሕጉም የፕሮግራሙን ጣሪያ ዝቅ ሲያደርግ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 24 ሚሊዮን ወረደ፤ አሥር ዓመት ሣር የለበሰው መሬት እንደገና ታረሰ። ቻይናም ከ1998ቱ የያንግዜ ጎርፍ በኋላ፣ በ1999 በጀመረችው ፕሮግራም ከ25 ዲግሪ በላይ ተዳፋት የሆነ እርሻ ወደ ደንና ሣር እንዲመለስ ለገበሬዎች እህልና ገንዘብ ሰጥታለች። ለደን የተመደበው ጊዜ ስምንት ዓመት ነበር፤ ጊዜው ሲቃረብ፣ በ2007፣ መንግሥት ክፍያውን አራዘመ። ለምን አራዘመ? ክፍያው ሲቆም ገበሬው ተመልሶ እንደሚያርስ ስለፈራ ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነበር።

ታዲያ መፍትሔ የለም ወይ? በመጠኑ አለ። በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ በ2000 የውሃ ፈንድ ተቋቋመ። የውሃ አገልግሎቱ ከገቢው የተወሰነ ድርሻ፣ ኋላም 2 በመቶ፣ በየጊዜው ወደ ፈንዱ ያስገባል፤ ገንዘቡ በአደራ ተቀምጦ በአብዛኛው ትርፉ ለተፋሰሱ ጥበቃ ይውላል። የአደራው ዘመን ስንት ነው? 80 ዓመት! እኔ ይህን ቁጥር መጀመሪያ ስሰማ የተሳሳተ መስሎኝ ደግሜ ጠይቄአለሁ። ከሦስት ዓመት ፕሮጀክት ጋር ለኖረ ሰው 80 ዓመት የሚለው ቃል እንግዳ ነው። በፈረንሳይም የቪቴል ማዕድን ውሃ አምራች ምንጩን ከናይትሬት ለመጠበቅ ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር የገባው ውል 18 እና 30 ዓመት የሚደርስ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ደግሞ ገበሬው የአሠራር ለውጡን እስኪለምድ በሄክታር በዓመት 200 ዩሮ ገደማ ተከፍሎታል። ልብ በሉልኝ፣ ክፍያው የተቀመጠው ጎዶሎው ባለበት በመካከለኛው ጊዜ ነው። ውሉን ለመጨረስም ኩባንያው ተመራማሪዎችን አስቀምጦ ዓመታት የፈጀ ድርድር አድርጓል።

የውሃ አገልግሎት ኃላፊዎች፣ እዚህ ላይ እናንተን በቀጥታ ልለምናችሁ። ገንዘብ አውጥታችሁ በሦስተኛው ዓመት «ውሃው ለምን አልጠራም?» ብላችሁ አትጠይቁን። ለብዙ ዓመታት በአፈርና በወንዝ ወለል የተከማቸ ፎስፈረስ ማሳው ከተጠበቀ በኋላም ለዓመታት ይለቀቃል፤ የከርሰ ምድር ናይትሬትም እንደ ስፍራው አሥርት ዓመታት ሊዘገይ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልትለኩ የሚገባችሁ ማሳው ላይ ያለውን ነው፤ ሣሩ በቅሏል? እርከኑ ቆሟል? ከዝናብ በኋላ ከማሳው የሚወጣው ውሃ መልኩ ምን ይመስላል? በአየርላንድ በበረን አካባቢ ለብዝኃ ሕይወት ጥበቃ የሚከፈለው የግጦሽ መሬቱ ከአሥር ነጥብ ባገኘው ውጤት ነው። ነጥቡ ሲያድግ ክፍያው ያድጋል፤ ገበሬውም ምን ቢያደርግ ነጥቡ እንደሚጨምር ያውቃል። በሜትር ቆጥሮ ከፍሎ ከመሄድ ይህ እጅግ ይሻላል። ወንዙን መለካት አትተዉ፤ ነገር ግን ከወንዙ ቶሎ ምስክርነት አትጠብቁ።

ንግግሬን ልጨርስ ነው። ከሰዓት በኋላ የምንወያይበት የውል ረቂቅ በእጃችሁ ይገኛል። አሥራ አንድ ገጽ ነው። ስለ ግንባታው አራት ገጽ፣ ስለ ክፍያ አፈጻጸምና ስለ ደረሰኝ ሦስት ገጽ ተጽፏል። ስለ ጥገና የተጻፈው ግን በዘጠነኛው ገጽ ላይ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ጥገናው በተጠቃሚው ይከናወናል» ትላለች። እለምናችኋለሁ፣ ውይይታችንን ከዚያች ዓረፍተ ነገር እንጀምር። በየስንት ዓመቱ ይጠገናል? በማን ወጪ? ገበሬው መሬቱን ቢሸጥ፣ ቢያወርስ፣ ቢያከራይ ግዴታውና ክፍያው ለማን ይተላለፋል? ለእነዚህ መልስ ሳይጻፍ ማንም እንዳይፈርም እጠይቃለሁ፤ ገበሬዎች፣ በተለይ እናንተ እንዳትፈርሙ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ሊቀመንበሩ ከፈቀዱልኝ ጥያቄው ከኋላ ወንበር፣ ከገበሬዎቹ ይጀመር።